ባለጡንቻዎቹና ያበጇቸው እጆች

የአሜሪካን የ1960ዎቹ ዓመታት ባለጡንቻ መኪናዎች የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሥፍራ ሁሉ ወሬው የሚጀመረው ከድምፅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከቀለሙ፣ ከቅርጹና ከፍጥነቱ በፊት የሚነሣው፣ ስምንት ሲሊንደር ያለው ትልቅ ሞተር መኪናው ቆሞ ሳለ የሚያሰማው ጉርምርምታ ነው። ይህ ድምፅ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የተስተካከለ አይደለም፤ ይቆራረጣል፣ ይንገጫገጫል፣ ሊጠፋ ነው ሲባል መልሶ ያገሣል። ወዳጆቹ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በደረትም ይሰማል ይላሉ። ዛሬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች የወጣትነታቸውን ጎዳና፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን፣ ከቬትናም ያልተመለሰውን ጓደኛቸውን የሚያስታውሱት በዚሁ ድምፅ አማካይነት ነው። አንድ ሕዝብ ትዝታውን በዘፈን፣ በሥዕል ወይም በሐውልት ሲያኖር ማየት የተለመደ ነው። በብረትና በቤንዚን ሲያኖር ማየት ግን የኪነ ጥበብ ሰዎችን ሊያነጋግር የሚገባ ጉዳይ ነው።

«መስል ካር» የሚለው ስያሜ በቁሙ ሲተረጐም ባለጡንቻ መኪና ማለት ነው። ምንነቱን ለመወሰን የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አላባራም። ብዙዎች የሚስማሙበት ትርጓሜ ቀላል ነው፤ ይኸውም ለቤተሰብ አገልግሎት የታሰበ መካከለኛ ቁመት ያለው መኪና፣ ለትልልቆቹ መኪናዎች የተሠራው ሞተር ተገጥሞለት፣ አንድ ወጣት ሠራተኛ በየወሩ እየከፈለ ሊገዛው በሚችለው ዋጋ ሲሸጥ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ከታየ በ1964 የተወለደው የፎርድ ሙስታንግ አነስተኛ በመሆኑ ከቤተሰቡ ውጭ ይቀራል፤ ሼቭሮሌት ኮርቬትም ከመነሻው የስፖርት መኪና በመሆኑ አይገባበትም። የሙስታንግ ወዳጆች ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። ሙግቱን ከዳር ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው፣ የሥነ ጽሑፍ መምህራን «ይህ ረጅም ልብ ወለድ ነው ወይስ አጭር?» እያሉ የሚከራከሩትን ክርክር ያስታውሰዋል፤ ጥቅሙም ያንኑ ያህል ነው።

ልደቱን በሚመለከት ግን ስምምነቱ ሰፊ ነው። በ1963 መጀመሪያ ላይ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ከመኪና እሽቅድምድም እንዲወጡ አዘዘ። ከዚህም ሌላ በመካከለኛ መኪናዎቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ከ5.4 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር እንዳይገጠም የሚከለክል የውስጥ ደንብ ነበረው። በፖንቲያክ ቅርንጫፍ ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ዴሎሪያን ከሥራ ጓደኞቹ ከቢል ኮሊንስና ከረስ ጊ ጋር ሆኖ የደንቡን ቀዳዳ አገኘ። ደንቡ የሚናገረው ስለ መኪናው ሞዴል እንጂ ገዢው ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ስለሚያዝዘው ዕቃ አልነበረም። ስለሆነም ለማንስ በተባለው መኪና ላይ የ389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም የ6.4 ሊትር ሞተር «ተጨማሪ ዕቃ» ተብሎ ቀረበ፤ ዋጋውም 300 ዶላር ያህል ነበር። ስሙን ጂቲኦ አሉት። ስሙ የኢጣልያው ፌራሪ ለአንድ የእሽቅድምድም መኪናው ያወጣው ሲሆን፣ የፖንቲያክ ሰዎች ያለ አንዳች ኀፍረት ወስደው ለጠፉት። አለቆቹ 5,000 ያህል ቢሸጥ ይበቃል ብለው ሳለ፣ በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። በ1966 ደግሞ ቁጥሩ ወደ 97,000 ተጠጋ። ሽያጩ እንዲህ ከሆነ በኋላ የኩባንያው ሌሎች ቅርንጫፎችም ሆኑ ተፎካካሪዎቹ ፎርድና ክራይስለር ያንኑ መንገድ ተከተሉ።

ወዳጆቹ እየሣቁ ከሚያነሡት ታሪክ አንዱ የዚሁ ጂቲኦ ማስታወቂያ ነው። በማርች 1964 «ካር ኤንድ ድራይቨር» የተባለው መጽሔት የፖንቲያኩና የፌራሪው ጂቲኦ ጎን ለጎን ሲፎካከሩ የሚያሳይ ሥዕል በሽፋኑ ላይ አወጣ። ሁለቱ መኪናዎች ግን በእርግጥ በአንድ ሜዳ ላይ አልተገናኙም ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላም የፖንቲያክን ማስታወቂያ ይመራ የነበረው ጂም ዋንገርስ፣ ለመጽሔቱ ሰዎች የቀረበው ፈጣን መኪና ኮፈኑ ሥር የተሸከመው ሞተር 389 ሳይሆን 421 ኪዩቢክ ኢንች እንደ ነበረ መሰከረ። አንዳንዶቹ ወዳጆች ይህን እንደ ብልጠት ያደንቁታል። ሌሎቹ ግን በዚያ ጽሑፍ አምነው የወራት ቁጠባቸውን ለሻጭ ያስረከቡ ወጣቶች እንደ ነበሩ ያስታውሳሉ፤ ፍርዳቸውም የሚያዳላው ወደ እነዚህ ነው። እነዚህኞቹ ልክ ይመስላሉ።

የስሞቹ ነገር ራሱን የቻለ ሐተታ የሚያስፈልገው ነው። ሙስታንግ የዱር ፈረስ፣ ቻርጀር የጦር ፈረስ፣ ባራኩዳ ጥርሳም የባሕር ዓሣ፣ ፋየርበርድ የእሳት ወፍ ነው። በእኛ አገር አንድ ጀግና በፈረሱ ስም «አባ ታጠቅ»፣ «አባ ዳኘው»፣ «አባ ነጋ» እየተባለ እንደ ተጠራ ሁሉ፣ በዚያም የአንድ ሰፈር ወጣት ከአባቱ ስም ይልቅ በመኪናው ስም ይታወቅ ነበር። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ስሙን የሚያወጡት ባለቤቱና አዝማሪው ሲሆኑ፣ በዚያ ግን የሽያጭ ክፍሉ መሆኑ ነው። በ1968 የወጣው የፕሊማውዝ ሮድ ራነር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ክራይስለር በልጆች የካርቱን ፊልም ላይ የሚታየውን የማይያዝ ሯጭ ወፍ ስምና ሥዕል ለመጠቀም ለዋርነር ብራዘርስ 50,000 ዶላር ከፈለ፤ የመኪናውም ክላክስ የወፉን «ቢፕ ቢፕ» የሚል ድምፅ እንዲያሰማ ተደረገ። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ቢመስልም ስሌቱ የልጅ አልነበረም። ከመኪናው ላይ ምንጣፉን ጨምሮ ጌጣጌጡ ሁሉ ተነሥቶ፣ 335 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተተወለትና በ2,896 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ኩባንያው 20,000 ያህል ይሸጣል ብሎ የገመተው ወደ 45,000 ተሸጠ። «ብረቱንና ሞተሩን ብቻ ስጡኝ፣ ሌላው ይቅርብኝ» የሚል ገዢ መኖሩን ያወቀ ሁሉ ያንን ዘመን ዐወቀ ማለት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉ።

በአምልኮ ደረጃ የሚነሣው ግን «ሄሚ» የተባለው ሞተር ነው። ስሙን ያገኘው የቃጠሎው ክፍል የግማሽ ሉል ቅርጽ ስላለው ነው። በዚህ ቅርጽ ምክንያት የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቮች ትይዩ ሆነው፣ ሰፋ ብለውም ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አየርና ቤንዚን በአንድ ወገን ገብቶ ጭሱ በሌላው ወገን ያለ ብዙ እንቅፋት ይወጣል። ክራይስለር በ1964 ለእሽቅድምድም ያዋለውን ይህን የ426 ኪዩቢክ ኢንች ወይም የ7 ሊትር ሞተር በ1966 ለማንኛውም ገዢ መሸጥ ጀመረ። በወረቀት የተመዘገበለት 425 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ሞተሩን በእጃቸው የፈቱ መካኒኮች ግን ቁጥሩ ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጓል ይላሉ።

ለእነዚህ መኪናዎች ከሁሉ የላቀው መድረክ የዲትሮይቱ ውድዋርድ ጎዳና ነበር። ጎዳናው ከከተማው መሐል ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከራሷ ከፖንቲያክ ከተማ ድረስ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በ1960ዎቹ ዓመታት በበጋ ምሽቶች ወጣቶች መኪናቸው ውስጥ እንደ ተቀመጡ ከሚስተናገዱባቸው ምግብ ቤቶች ተነሥተው ከአንዱ የትራፊክ መብራት እስከ ሌላው ይሽቀዳደሙ ነበር። የኩባንያዎቹ መሐንዲሶችም ሌሊት ሌሊት እየመጡ አዳዲስ ሞተሮቻቸውን እዚያው ጎዳና ላይ ይፈትኑ ነበር። ዲዛይኑን የነደፈው፣ የገጣጠመው፣ የሸጠውና የነዳው በአንድ ጎዳና ላይ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ሁኔታ በኢንዱስትሪ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም። በ1995 ለልጆች የእግር ኳስ ሜዳ ገንዘብ ለማሰባሰብ ተብሎ የተጀመረው የውድዋርድ የመኪና ትርዒትም ይህንኑ ትዝታ ያድሳል። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት አሥር ሺህ ሰው ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ 250,000 ያህል መጣ።

ይህ ትዝታ የማን ትዝታ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በድሮ ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው የውድዋርድ ደስታ በአብዛኛው ስምንተኛ ማይል ከተባለው መንገድ በስተሰሜን የነበረ ነው። ይህ መንገድ የከተማውን ጥቁሮችና የዳርቻውን ነጮች የሚለይ፣ በካርታ ላይ ያልተጻፈ ግን ሁሉም የሚያውቀው ድንበር ነበር። ጁላይ 1967 ከተማዋ በሕዝብ ዐመፅ ስትናጥ የ43 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። በዚያው ወቅት ቁጥሩ ቀላል ያልሆነ ጥቁር ወዛደር በየፋብሪካው ብየዳውን፣ ቀለም ቅቡንና ማቅለጫውን ይዞ፣ ነጩ ወጣት በመብራቶቹ መካከል የሚያስጋልበውን ፈረስ ይሠራ ነበር።

ከወዳጆቹ መካከል ይህን ድንበር በአንድ መኪና ታሪክ የሚያስረዱ አሉ። መኪናው «ብላክ ጎስት»፣ ማለትም ጥቁሩ መንፈስ ይባላል። በ1969 መገባደጃ ላይ በቬትናም የቆሰለ አንድ ጥቁር የዲትሮይት ፖሊስ ሄሚ ሞተር ያለው ጥቁር የዶጅ ቻሌንጀር አዘዘ። ቀን ሕግ ያስከብራል፤ ሌሊት ደግሞ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ውድዋርድ ላይ ብቅ ብሎ ተፎካካሪውን ያሸንፍና ወደ ጨለማው ይሰወራል። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ ሕዝቡ መንፈስ አለው። መኪናውን እስከ ዕለተ ሞቱ አልሸጠውም፤ ለልጁ አወረሰው። በ2020 በአገር አቀፍ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ውስጥ ገባ። በ2023 ደግሞ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በጨረታ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። ዶጅም በዚያው ሰሞን በዚሁ ስም አዲስ ሞዴል አውጥቶ ነበር። በሕይወት ዘመኑ ማንነቱን መደበቅ ያስፈለገው ሰው ከሞተ በኋላ መኪናው የንግድ ስም ሆነ።

ያ ቻሌንጀር የተገጣጠመው ሐምትራምክ ውስጥ በሚገኘውና «ዶጅ ሜይን» ተብሎ በሚጠራው ፋብሪካ ነበር። ሜይ 2 ቀን 1968 በዚህ ፋብሪካ የመገጣጠሚያው መሥመር ፍጥነት ከአቅም በላይ በመጨመሩ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወዛደሮች የሠራተኛ ማኅበሩ ያልፈቀደውን አድማ መቱ። ከአድማው በኋላ ቅጣቱ ይበልጡን ያረፈው በጥቁሮቹ ላይ ስለ ነበረ፣ «የዶጅ አብዮታዊ ማኅበር ንቅናቄ» የተባለው የጥቁር ወዛደሮች ድርጅት ተመሠረተ። የድርጅቱን ትግል የሚያሳየው «ፋይናሊ ጎት ዘ ኒውስ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም በ1970 ተሠርቷል። የመኪና ወዳጆች ይህን ፊልም ሲያነሡ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው፤ ባለጡንቻዎቹ በተገጣጠሙበት ዘመን ከፋብሪካው በር ላይ የነበረውን ሕይወት በዚያ መጠን የሚያሳይ ሌላ ሥራ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው።

በዚሁ ፋብሪካ ከ1967 ጀምሮ እስከ መዘጋቱ ድረስ በብየዳ የሠራ አንድ አዛውንት አለ። ከአላባማ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ስለ መኪናዎቹ ሲጠየቅ መልሱ የወዳጆቹን አይመስልም። «ሞተሩን አላየሁትም» ይላል፤ «እኔ ዘንድ ሲደርስ ገና ላሜራ ነበር።» የሚያስታውሰው የብየዳውን ፍንጣሪ፣ ክረምት ከበጋ በሸሚዙ ላይ የነበሩትን ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ሚስቱም ቀዳዳዎቹን መጣፍ የሰለቻትን ነው። ቻሌንጀር ሊገዛ አስቦ ያውቅ እንደ ሆነ ሲጠየቅ ይሥቃል። አስቦ ነበር፤ የወር ክፍያውንም ይችለው ነበር። ያልቻለው በሰፈሩ የሚጠየቀውን የመድን አረቦን ነው። እናም እሁድ እሁድ ውድዋርድ ዳር ቆሞ ያየው ነበር። በእጁ ያለፈውን መኪና እንደ ማንኛውም መንገደኛ አየው እንጂ «ይህ የእኔ ሥራ ነው» ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም፤ ቢነግርስ ማን ያምነው ነበር?

ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር ይገባል። ሞታውን የተባለውን የሙዚቃ ድርጅት የመሠረተው ቤሪ ጎርዲ ቀድሞ በፎርድ ኩባንያ የሊንከንና የመርኩሪ መገጣጠሚያ መሥመር ላይ ይሠራ ነበር። ባዶ ሻንሲ በአንድ በኩል ገብቶ የተጠናቀቀ መኪና በሌላው በኩል ሲወጣ ያየውን ሥርዓት፣ ያልታወቀን ወጣት አስገብቶ ታዋቂ ዘፋኝ አድርጎ ለማውጣት እንደ ተጠቀመበት ራሱ ተናግሯል። በ1965 ማርታና ቫንዴላዎቹ «ኖውሄር ቱ ረን» የተሰኘውን ዘፈናቸውን ለቴሌቪዥን የተቀረጹት በፎርድ ፋብሪካ ውስጥ፣ በመሥመሩ ላይ በሚያልፉት ሙስታንጎች መካከል እየተሯሯጡ ነው። መሥመሩ አልቆመም፤ ወዛደሮቹ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ሦስቱ ሴቶች ይዘፍናሉ። የዘፈኑ አርእስት መሸሺያ የለም እንደ ማለት መሆኑ ሲታሰብ፣ በዚያ ሥፍራ መቀረጹ ማንም ሳያቅድ ትርጉም አግኝቷል።

ወደ ፊልም ከተሸጋገርን በ1968 የወጣው «ቡሊት» ከሁሉ ቀድሞ ይጠራል። ፒተር ያትስ ባዘጋጀው በዚህ ፊልም ስቲቭ ማክዊን አረንጓዴ ሙስታንግ እየነዳ ጥቁር ቻርጀር የያዙ ገዳዮችን በሳን ፍራንሲስኮ ኮረብታዎች ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ ያሳድዳል። ማሳደዱ እንደ ተጀመረ የላሎ ሺፍሪን ሙዚቃ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሞተር፣ ካምቢዮና የጎማ ጩኸት ብቻ ነው። ይህ ውሳኔ ብልህ ነበር። ፍራንክ ኬለር በቅንብሩ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ወዳጆቹ ግን ፊልሙን በፍቅር ስለሚያዩት ስሕተቱንም በፍቅር ይቈጥራሉ፤ አንዲት አረንጓዴ ቮልስ ደጋግማ አራት ጊዜ ትታለፋለች፣ ከቻርጀሩም ላይ ካሉት ጎማዎች ቁጥር የሚበልጡ የቸርኬ ክዳኖች ይረግፋሉ። የፊልሙ ዋና መኪና በ1974 አንድ ቤተሰብ በ6,000 ዶላር ገዝቶ ለዓመታት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ አድርጎት ነበር። በ2020 በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ውድቀቱ ፈጣን ነበር። ወዳጆች ሁሉ ጥፋቱን በመንግሥትና በዐረቦች ላይ ማላከክ ይወዳሉ፤ ነገሩ ግን ከዚያ የሰፋ ነው። ብዙዎቹ መኪናዎች ለዚያ ጉልበት የማይመጥን የታምቡር ፍሬንና ደካማ ጎማ የነበራቸው ስለ ሆነ በቀጥታ መንገድ ይበርራሉ፣ ቀጥ ማለትና መታጠፍ ግን ይቸግራቸዋል። ራልፍ ናደር በ1965 ስለ መኪና አደጋ የጻፈው መጽሐፍ በቀጣዩ ዓመት ሕግ እንዲወጣ ረድቷል። የመድን ድርጅቶች ለወጣት ነጂዎች የሚያስከፍሉትን አሳደጉ፤ ልጆቻቸውን በእነዚህ መኪናዎች የቀበሩ ወላጆችም ስለ ነበሩ አለምክንያት አልነበረም። በ1970 የንጹሕ አየር ሕግ ጸደቀ። በ1971 ጄኔራል ሞተርስ ሞተሮቹ አነስተኛ እርሳስ ባለው ቤንዚን እንዲሠሩ ጭመቃቸውን ቀነሰ። በ1972 ጉልበት የሚለካው ሞተሩ ማርሚታውንና ሌላውን ዕቃ እንደ ተሸከመ ሆነ። ስለዚህ በ1971 ባለ 365 የፈረስ ጉልበት ይባል የነበረው የሼቭሌው ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር በ1972 ወደ 270 ወረደ፤ ከቅነሳው የሚበልጠው የልኬት ለውጥ ነበር። በዚያው ዓመት ካማሮና ፋየርበርድ የሚገጣጠሙበት የኖርዉድ ፋብሪካ ወዛደሮች ለ174 ቀናት አድማ መቱ፤ በመሥመሩ ላይ የቀሩት ከአንድ ሺህ በላይ ጅምር መኪናዎች የቀጣዩን ዓመት የፓራውልት ደንብ ስለማያሟሉ ወደ ቁርጥራጭ ብረትነት ተለወጡ። በኦክቶበር 1973 የነዳጅ ማዕቀብ መጣ። ያው የዋጋ ንረት በእኛ አገር በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የታክሲ ነጂዎች ለአድማ እንዳነሣሣና ከዚያም ምን እንደ ተከተለ አንባቢ ያውቀዋል። በአሜሪካ ግን የተከተለው በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር የሆነ የፍጥነት ገደብና የቤንዚን ማደያ ሰልፍ ነበር። የቻሌንጀሩ የመጀመሪያ ትውልድ በ1974 አበቃ። ዶጅ ሜይን በጃኑዋሪ 1980 ተዘጋና ፈረሰ። በቦታው ጄኔራል ሞተርስ የሠራው ፋብሪካ ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎች ያመርታል።

የዛሬው ገበያ ሌላ ዓለም ነው። በ1971 ከተሠሩት የሄሚ ባራኩዳዎች መካከል ጣሪያቸው የሚታጠፈው አሥራ አንድ ብቻ ስለ ነበሩ፣ አንዱ በ2014 በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ወጣት ሠራተኛ እንዲገዛው ተብሎ የተሠራ ዕቃ ዛሬ ወዛደር ቀርቶ ሐኪምም የማይደፍረው ሆኗል። እንዲህ ያለ ዋጋ ደግሞ የራሱን ሃይማኖት ይዞ ይመጣል። በሞተሩና በሻንሲው ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች መመሳሰል አለባቸው። የቀለሙ ዓይነት ከመዝገቡ ጋር መስማማት አለበት። አንዱ ወገን መኪናው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሆኖ መታደስ አለበት ይላል። ሁለተኛው ዝገቱና ጭረቱ የኖረበት ዕድሜ ማስረጃ ስለ ሆነ አይነካ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የድሮውን አካል ጠብቆ ውስጡን በዘመናዊ ሞተርና ፍሬን ይለውጣል። ይህም ከጥንታዊ ሥዕል እድሳት ክርክር ጋር በብዙ ይመሳሰላል። ሦስተኞቹ በንጽሕና ጠበቆች ቢወገዙም፣ መኪናውን ከመጋረጃ አውጥተው የሚነዱት ግን እነርሱ ናቸው።

ክሊንት ኢስትዉድ በ2008 ባወጣው «ግራን ቶሪኖ» ፊልም ላይ ጡረታ የወጣ የፎርድ ወዛደር ራሱ መሪውን በገጠመለት በ1972 መኪና እየኮራ ይታያል። ብዙ ወዳጆች ፊልሙን የሚወዱት ለመኪናው ሲሉ ነው፤ ሆኖም ብርቅ የሚሆነው ገጣጣሚው የገጠመውን መያዙ ነው። ድምፁም ቢሆን አሁን በእጅ የሚሠራ ነገር ሆኗል። ስምንት ሲሊንደር ያለው የመጨረሻው ቻሌንጀር በዲሴምበር 2023 ከካናዳው ፋብሪካ ወጣ። ዶጅ በ2022 ይፋ ያደረገው የኤሌክትሪክ ቻርጀር ግን ድምፅ ስለሌለው፣ የድሮውን ጉርምርምታ የሚመስል ድምፅ በድምፅ ማጉያ የሚያወጣ መሣሪያ ተሠራለት። ወጣቶቹ አይጠሉትም። ሽማግሌዎቹ ግን በቴፕ የተቀዳ አንበሳ ነው ይሉታል። በ2025 ኩባንያው ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ያለው ቻርጀርም ጨመረ።

ከእድሳት ባለሙያዎቹ ጥብቆቹ ደግሞ የፋብሪካውን ስሕተት ሳይቀር ይደግማሉ። ቀለሙ ተንጠባጥቦ የቀረበትን ሥፍራ እንደ ነበረ ያንጠባጥቡታል፤ በየፋብሪካው ተቈጣጣሪዎችና ገጣጣሚዎች ብሎን መጥበቁን ለማሳየት በጠመኔና በሰም ቀለም ይጭሩት የነበረውን ምልክት ከአሮጌ ፎቶግራፍ እያጠኑ መልሰው ይሥሉታል። በውድድር ላይ ዳኞች በመስታወት ጎንበስ ብለው ምልክቶቹን ይመረምራሉ፣ ነጥብም ይሰጡባቸዋል። ያን የዶጅ ሜይን አዛውንት የእኅቱ ልጅ በአንድ እሁድ ወደ እንዲህ ያለ ውድድር ወሰደው። ብርቱካናማ ቻሌንጀር ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ወለሉ ላይ መስታወት ተዘርግቶለት፣ በገመድ ታጥሮ ቆሟል።

«አጎቴ፣ ያን ምልክት ያዩታል? ከበሩ ማጠፊያ በላይ ያለውን» አለው ወጣቱ።

አዛውንቱ መነጽሩን አውጥቶ አደረገ። በላሜራው ላይ ቢጫ የሰም መሥመር፣ ከጎኑም አንድ ፊደል አለ። ብዙ ቆይቶ አየው።

«አውቀዋለሁ» አለ። «የብየዳው ክፍል ምልክት ነው። ግን ይህን የሣለው ሰው እዚያ አልሠራም።»

«እንዴት ዐወቁ?»

«ቀጥ ብሏላ! እኛ እንዲህ ቀጥ አድርገን የምናሰምርበት ጊዜ ማን ሰጥቶን?»

ዳኛው በዚያው ቅጽበት መስታወቱን ወደ ማጠፊያው አስጠግቶ አየና፣ ወረቀቱ ላይ ሙሉ ነጥብ ጻፈ።